በረዶው ሲዘገይ ማን ይከፍላል?

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአባል የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «በሚቀጥለው ወር ተራው ያንቺ ነው፤ ስለ ሥራሽ ትነግሪናለሽ» ስትለኝ ቶሎ ብዬ ሰበብ ነው የፈለግሁት። የሂሳብ ሠራተኛ ስለ ሥራው ምን ያወራል? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ቁጥርን ከቁጥር ማስታረቅ ነው። ነገር ግን ባለፈው መስከረም ሦስት እህቶቻችን በተለያየ ቀን ደውለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ሦስቱም የሥራ ፈቃዳቸው ገና እጃቸው የገባ ናቸው። «ተራራው ላይ ለበረዶው ወቅት ሰው እየቀጠሩ ነው፤ ቤትም ይሰጣሉ ይባላል። አንቺ ውስጡን ታውቂዋለሽ፤ ብሄድ ይሻለኛል?» አሉኝ። በስልክ የመለስኩላቸው ግማሹን ብቻ ነበር። ሌላውን ግማሽ ለመናገር ነው ዛሬ የቆምኩት።

እኔ የምሠራው በኮሎራዶ ካሉት ትላልቅ የስኪ ሪዞርት ኩባንያዎች በአንዱ፣ በደመወዝ ሂሳብ ክፍል ነው። ስሙን አልጠራም። እንጀራዬ ነው፤ ደግሞም የምናገረው ስለ ሥራው ጠባይ እንጂ ስለ አንድ ቤት ገመና አይደለም። ቢሮዬ እዚሁ ዴንቨር አካባቢ ነው፤ ከመስኮቴ የሚታየኝ የመኪና ማቆሚያ ነው። ሰው ሁሉ ግን የት እንደምሠራ ሲሰማ «ታዲያ ስኪ ትችያለሽ?» ይለኛል። እንግዲህ ለመገላገል ያህል፦ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ለሠራተኛ ነጻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ በሕፃናት መለማመጃው ሜዳ ላይ ስወድቅ ዋልኩ፤ አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ እየሳቀች አልፋኝ ሄደች። «ሐበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው» ለሚሉኝ ግን መልስ አለኝ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ስም ይዞ በስኪ ተወዳድሯል። እኔ ብወድቅ እሱ ቆሞልናል።

አንድ ነገር ላይ ግን እኛ እንበልጣለን። ብሬከንሪጅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የመጡ ባልደረቦቼ ለስብሰባ ስንወጣ ራሳቸውን ይዘው ውኃ ሲጠጡ ይውላሉ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ካላት ከተማ የመጣ ሰው በዚህ አይረታም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ይህ ንግድ ገንዘብ የሚያገኘው እንዴት ነው? እኔም ስቀጠር እንደ እናንተ፣ ሰው በጠዋት ይመጣል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ ሊፍት ተሳፍሮ ይወጣል፣ ተንሸራቶ ይወርዳል ብዬ ነበር የማስበው። ድሮ እንደዚያ ነበር። ቬይል የተባለውን ሪዞርት በ1962 ከከፈቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ፒት ሳይበርት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚሁ ካምፕ ሄል በስኪ የሠለጠነ ወታደር ነበር። በእነሱ ዘመን በረዶ ከወረደ ገንዘብ አለ፣ ካልወረደ የለም። ልክ እንደ ገበሬ ነው፤ ሰማይ ሰማዩን እያዩ መኖር።

ትላልቆቹ ኩባንያዎች ይህን ለወጡት። በ2008 ቬይል ሪዞርትስ ኤፒክ ፓስ የሚባለውን በ579 ዶላር ለገበያ አወጣ። ሰውየው አስቀድሞ ይከፍላል፣ ወቅቱን ሙሉ በፈለገው ቀን ይመጣል። በ2018 ደግሞ አልቴራ የተባለው ተፎካካሪው አይከን ፓስን ይዞ መጣ። ዛሬ የትላልቆቹ መሠረት ይህ ነው። ፓሱ መሸጥ የሚጀምረው በጸደይ፣ ያለፈው ዓመት በረዶ ገና ሳይቀልጥ ነው፤ ሽያጩ የሚዘጋውም በታኅሣሥ መጀመሪያ አካባቢ ነው። አስቀድሞ ያልገዛ ሰው በበዓል ቀን መስኮት ላይ ትኬት ልቁረጥ ቢል በአንዳንዱ ተራራ ለአንድ ቀን ብቻ ከ300 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ይህ ዋጋ ሰውን ለማባረር የተቀመጠ ይመስላችኋል፤ የተቀመጠው ግን በሚቀጥለው ዓመት በጸደይ እንዲገዛ ለማስተማር ነው።

ገንዘቡ ገባ ማለት ግን በሂሳብ ቋንቋ ገቢ ተገኘ ማለት አይደለም። ሊፍቱ እስኪንቀሳቀስ ድረስ በመዝገባችን ላይ የሚቀመጠው በዕዳ በኩል ነው፤ ለደንበኛው የምንሰጠው አገልግሎት አለብንና። ወቅቱ ሲጀመር ትንሽ በትንሽ ከዕዳ ወደ ገቢ ይዞራል። የዓመቱን መዋጮ በመስከረም አንድ ጊዜ የምትከፍሉ እናቶች፣ የእናንተንም በማህበራችን መዝገብ እንደዚሁ ነው የማደርገው። ኢድርም ቢሆን ሐሳቡ ያው ነው፤ ችግሩ ሳይመጣ ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ የመጣ ቀን ማንም አይደነግጥም። እውነት ለመናገር ይህን አሠራር ሳየው አደነቅሁት። ኩባንያው ከሰማይ ጋር የነበረውን ቁማር አቆመ ማለት ነው።

ቀጥሎ የገረመኝ የመሬቱ ጉዳይ ነው። ያ ሁሉ ተራራ የኩባንያዎቹ ይመስለኝ ነበር። በኮሎራዶ አብዛኛው ትልልቅ የስኪ ሜዳ የፌደራል መንግሥት ደን ነው፤ ኩባንያዎቹ በፈቃድ ነው የሚሠሩበት። ለዚህም ኪራይ ይከፍላሉ። የኪራዩ ስሌት ከገቢ ጋር የተያያዘ ነው፤ እንደ ገቢው መጠን ከ1.5 እስከ 4 በመቶ። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። በረዶ ጥሩ በወረደበት ዓመት መንግሥት ብዙ ይወስዳል፤ በደረቅ ዓመት ኪራዩም አብሮ ይወርዳል። አከራዩ ከተከራዩ ጋር ብርዱን ይካፈላል።

ታዲያ በረዶው ሲዘገይ ማነው የሚጎዳው? ደንበኛው ከፍሏል። ኩባንያው ገንዘቡን ይዟል። የመንግሥት ኪራይ ይቀንሳል። የሚቀረው በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ነው።

የወቅት ሠራተኛ ስንል ሊፍት የሚያሳፍሩት፣ ምግብ ቤት የሚሠሩት፣ ሌሊት በረዶውን በትልልቅ ማሽን የሚያስተካክሉት፣ ክፍል የሚያጸዱት ናቸው። ከፔሩና ከአርጀንቲና በዩኒቨርሲቲ ዕረፍታቸው የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ሲልቨርቶርን አካባቢ ከሞሪታንያና ከሴኔጋል የመጡ ብዙ ሰዎች አሉ። የእኛም ሰው አለ፤ በብዛት ክፍል በማጽዳት። ሆቴሉ ከሞላ ሰዓት አለ፣ ካልሞላ የለም። ሥራ ስትጀምሩ የምትፈርሙት ውል ስለ ሰዓት ብዛት የሚገባላችሁ ቃል የለም። የሠራተኛ ቤቱ ኪራይ ግን ቁርጥ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዝ ላይ በቀጥታ ይነሳል።

አሁን የምናገረውን ለመናገር የባለቤቷን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ስሟ እንዳይጠራ ተስማምተናል።

በ2021 መጨረሻ ላይ የነበረውን ደረቅ ወቅት የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ዴንቨር የመጀመሪያውን በረዶ ያየችው ታኅሣሥ 10 ቀን ነበር፤ ከተመዘገበው ሁሉ የዘገየው ነው። ተራራው ላይም ቢሆን ብዙው ሜዳ ሣርና ድንጋይ ነበር። በረዶ የሚረጩት መሣሪያዎችም ቢሆኑ ብርድ ይፈልጋሉ፤ አየሩ ሲሞቅ ውኃ መርጨት ብቻ ነው የሚሆነው። እንግዳው ጉዞውን እየሰረዘ፣ ሱፐርቫይዘሩም ሰዓት እየቀነሰ ሄደ።

የእኛ ሲስተም ደመወዝ ስንዘጋ የተጣራው ክፍያ ከ50 ዶላር በታች የሆነውን ሁሉ በቀይ ያወጣዋል፤ ስህተት እንዳይሆን ሰው አይቶ እንዲያረጋግጥ። በሌላ ጊዜ ሁለት ሦስት ቀይ መስመር ነው የሚኖረው። የዚያን ሳምንት አንድ ገጽ ሙሉ ሆነ። እያየሁ ወረድኩ። መሐል ላይ አንድ ስም አየሁ፤ የእኛ ሰው ናት። አላወቅኋትም፤ ግን ስሟ ከነአባቷ የእኛ ነው። ሂሳቧ እንዲህ ይላል። በሁለት ሳምንት 25 ሰዓት፣ በሰዓት 18 ዶላር፣ ድምር 450 ዶላር። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 34 ዶላር ከ43 ሳንቲም። ለቤት ኪራይ 350 ዶላር። ለሠራተኞች ካፍቴሪያ ካርድ 30 ዶላር። የተጣራ ክፍያ 35 ዶላር ከ57 ሳንቲም።

በእስክርቢቶ ደምሬ አየሁት። ልክ ነው። የፈረመችበት ወረቀትም አለ። «ተረጋግጧል» የሚለውን ተጫንኩና ወደሚቀጥለው መስመር ሄድኩ። ልብ በሉ፣ ጊዜው የነቢያት ጾም ነው። ያቺ ልጅ የካፍቴሪያውን 30 ዶላር የከፈለችው ድንች ጥብስና ሰላጣ ለመብላት ነው። ይህ እንኳ ያኔ ትዝ አላለኝም።

በጥር ወር የብድር ኮሚቴያችን ተሰበሰበ። ኮሮናው እንደገና አገርሽቶ ስለነበረ በዙም ነው። ሒሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ማመልከቻዎቹን ስክሪን ላይ የማወጣውም እኔ ነኝ። አንዷ አመልካች ለአስቸኳይ ብድር 600 ዶላር ትጠይቃለች። ለማስረጃ የክፍያ ወረቀቷን ፎቶ አንስታ አያይዛለች። ስከፍተው 35 ዶላር ከ57 ሳንቲም።

ከኮሚቴው አንዷ እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና «ይህን ያህል ጨክኖ የሚጽፍ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ። እኔ ካሜራዬን አጠፋሁ። ድምፅ ሲሰጥ እጄን ማንሳት ስለማልችል «እደግፋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ብድሩ ጸደቀ፣ በማግስቱ ተላከላት። እኔ መሆኔን ግን ለማንም አልተናገርኩም። እማማ፣ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ያን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

አንዳንዶቻችሁ «ምን ማድረግ ትችዪ ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም እንደዚያ ነው ያለኝ። እኔም እስከ ዛሬ ለራሴ ስለው የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ ቁጥሩ ልክ ነበር፣ ሕጉም ልክ ነበር። ነገር ግን የዚያን ሰሞን እንቅልፍ ስላጣሁ አለቃዬን ጠየቅኋት። ሰዓት ሲቀነስ ኪራዩም አብሮ ለምን አይቀነስም? መንግሥት ለእኛ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ክፉ ሰው አይደለችም። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ውሉ እንደዚያ አይልም» አለችኝ። እንደዚያ አይልም፤ እውነቷን ነው። ወደ ቤቶች ክፍል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ቀለል አድርጎ «ቅጽ አለ እኮ፤ ሰዓት የተቀነሰበት ሠራተኛ ኪራዩ ወደሚቀጥሉት አራት ክፍያዎች እንዲከፋፈልለት መጠየቅ ይችላል። ማንም አይጠይቅም» አለኝ። ቅጹ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ በሠራተኞች ገጽ ላይ፣ ከስድስት ማውጫ በታች ተቀምጧል። አምስት ዓመት ደመወዝ ስሠራ ቅጹ መኖሩን አላውቅም ነበር። እንደዚያም ሆኖ ኪራዩን አይቀንሰውም፤ ያቆየዋል እንጂ። ነገር ግን በ35 ዶላርና በ300 ዶላር መካከል ያለውን ልዩነት እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ያቺ እህታችን በየካቲት በረዶው ሲበረታ ሰዓቷ ሞላ፤ አንዳንድ ሳምንት ኦቨርታይምም አገኘች። ብድሩን በሚያዝያ መጨረሻ ከፍላ ጨረሰች። ለደጋፊዎቻችን ይህን የምለው ገንዘባችሁ የት እንደዋለ እንድታዩ ነው። የሰጣችሁት 600 ዶላር ከዴንቨር ተነስቶ ኩባንያው ያልተሸከመውን ሁለት ወር ተሸክሞ ተመለሰ። ስለ ተመለሰ ደስ ብሎኛል። ግን እኛ በየወሩ 20 ዶላር የምናዋጣ ሴቶች ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ደረቅ ወር መድን መሆናችን አሁንም ይከነክነኛል።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ እህቶቼ ጥያቄ ልመለስ። አትሂዱ አልላችሁም። ጥሩ ነገር አለው። በወቅቱ መሐል፣ ከገና በዓላቸው እስከ መጋቢት፣ ሥራው ከሞላ የሚጠራቀም ገንዘብ አለ፤ ወጪ የሚያስወጣ ነገር የለምና። በሰሚት ካውንቲ አውቶቡሱ ነጻ ነው፤ መኪና የግድ አይደለም። ቋንቋ ይለመዳል። ዓመቱን ሙሉ የሚቀጠር ሠራተኛ የጤና መድን ያገኛል፤ እኔ ሁለቱንም ልጆቼን በዚያ መድን ነው የወለድኩት፣ ይህን ውለታ አልክድም።

ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ሰዓት ቢጠፋ ኪራዩ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ። የካፍቴሪያ ካርዱን መተው ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ የምትጾሙ በተለይ። ሥራው ሲያበቃ ወይም ሲያሰናብቷችሁ ቤቱን በስንት ቀን እንደምትለቁ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚያ ላይ ነው፤ ሥራና ቤት በአንድ ቀን ነው የሚሄዱት። የወቅቱ መጨረሻ ጉርሻ ካለ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ብትወጡ ይቀር እንደሆነ ጠይቁ። በኅዳር ስትሄዱ ቢያንስ የአንድ ወር ስንቅ በእጃችሁ ይኑር፤ የመጀመሪያው ወር ሁልጊዜ ቀጭን ነው። ደግሞ ልደትን ከቤተሰብ ጋር እናከብራለን ብላችሁ አታስቡ። ታኅሣሥ 29 የእነሱ ትልቁ ገበያ ገና ሞቅ እንዳለ ነው፤ ፈቃድ አይገኝም። ቢገኝም አይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ በረዶው ከጣለ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፣ ቅዳሴው ሳይደርሱበት ያልፋል።

በመጋቢት 2020 የሆነውንም አትርሱ። የኮሎራዶ ገዥ በመጋቢት 14 የስኪ ሜዳዎች ሁሉ እንዲዘጉ አዘዙ። በአንድ ምሽት ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጡት ልጆች አገራቸው ድንበር ዘግቶባቸው ሥራም መመለሻም አጥተው ሲቀሩ በዓይናችን አይተናል። ሊፍቱ ያለ ሰው ቆሞ አየሁት፤ የመጨረሻውን ደመወዝ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ስለ አንድ ሌላ ነገር ልናገርና ልጨርስ። በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ፣ ዩታ ውስጥ ፓርክ ሲቲ በተባለው ሪዞርት የተራራው የደህንነት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። 200 ያህል ናቸው። ከሰዓት 21 ዶላር የሚጀምረው ክፍያ 23 ይሁንልን ነው ጥያቄያቸው። በበዓሉ ሳምንት አብዛኛው ሜዳ ሳይከፈት ዋለ፤ ሺህ ዶላር ከፍሎ የመጣ ሰው ለሊፍት በረጅም ሰልፍ ቆመ። ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ቢሮአችን ውስጥ ሰው ሁሉ ይህን ዜና በስልኩ ሲያነብ ነበር፤ ጮክ ብሎ ያወራ ግን አልነበረም። እኔ ያሰብኩት ክፍል ስለሚያጸዱት ነበር። የደህንነት ሠራተኛው ከሌለ ተራራው አይከፈትም። አልጋው ካልተነጠፈ ግን ሌላ ሰው ተጠርቶ ያነጥፋል፤ ያም ሰው ከአውቶቡስ የወረደችው የእኛ ልጅ ናት።

አሁን በዚህ ዓመት ያደረግሁት ነገር ትንሽ ነው። ቅጹን ወደ አማርኛ ተርጉሜዋለሁ፤ ከቡናው ረከቦት አጠገብ ያስቀመጥኩት እሱ ነው፣ ሁለት ገጽ ነው። የሚሞላው ግን እንግሊዝኛው ላይ ነው፤ አማርኛው ምን እንደሚጠይቅ እንድታውቁ ብቻ ነው። ይህ የምሠራበት ቤት ቅጽ ነው፤ ሌላ ኩባንያ የምትቀጠሩ ደግሞ «ኪራይ ማዘዋወሪያ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማመልከቻው መግባት ያለበት ደመወዝ ከመዘጋቱ በፊት ነው፤ እኛ ዘንድ ሰኞ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ የመጣውን እኔም ብሆን ላስገባው አልችልም። የሚጨንቃችሁ ነገር ካለ ስልኬ ጸሐፊያችን ጋ አለ፤ እሑድ ማታ ብትደውሉ እንዳትዘገዩ አብረን እንሞላዋለን።